ከእኛ ግቢ አንድ ሰው

ከሻሸመኔ ያሳፈረን ሚኒባስ ዲንሾን አልፎ ወደ ሮቤ ሜዳ ማሽቆልቆል ሲጀምር መስኮቱን ዘጋሁት። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ “ልጄ፣ ታፍነን ልንሞት ነው እኮ” ብለው መልሰው ከፈቱት። ምክንያቱን ላስረዳቸው አልደፈርኩም፤ ከማላውቀው ሰው ጋር ወሬ መጀመር ዛሬም አይሆንልኝም። የዘጋሁት ሽታውን ሸሽቼ ነበር። የደረቀ የስንዴ ገለባና የተቃጠለ ናፍጣ ሲቀላቀሉ የሚሰጡት ሽታ ነው። ከመንገዱ በስተግራ ሁለት ኮምባይነሮች ጎን ለጎን ሆነው ማሳውን ይላጩታል፤ አቧራቸው አስፋልቱ ድረስ ይመጣል። ሴትዮዋ አየሩን በረጅሙ ስበው “አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮስ ጥሩ ነው” አሉ። ለእሳቸው የጥጋብ ሽታ ነው። ለእኔ ግን አሥር ዓመቴ የነበረበት የአንድ በጋ ሽታ ነው። ከዚያ በጋ በኋላ ለኮምባይነር ነጂ ምሳ ወስጄ አላውቅም።

ምሳውን የምወስደው ለአቡያ ከድር ነበር። በእኛ አገር የእናት ወንድም አቡያ ይባላል። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከእኛ ጋር በአንድ ግቢ ይኖራል። አባቴ ጎሮ ላይ ሱቅ ስለነበረው በወር አንዴ ብቅ ቢል ነው። ስለዚህ በግቢያችን አጥር የሚያጥረው፣ በግ የሚያርደው፣ ከጎረቤት ጋር የሚከራከረውም አቡያ ከድር ነበር። የሚነዳው ኮምባይነር የሐጂ አማን ነው። ሐጂ አማን የጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው፤ ማሽኑን ለገበሬው እያከራዩ ማሳ ለማሳ ያዞሩታል።

ገበሬው ሁሉ ከድር እንዲያጭድለት ይፈልግ ነበር። እንደ ክር ቀጥ አድርጎ ይነዳል፤ ጥግ ላይ አንዲት ዛላ አያስቀርም። ቃርሚያ የሚለቅሙት ሴቶች ግን በዚሁ ይረግሙታል።

“ከድር ባለፈበት ማሳ ዶሮም አትጠግብ!” ይሉታል ከታች ሆነው።

“ዶሮዋማ ዝም ብላ ነው የምትለቅመው!” ይላቸዋል ከላይ።

አንድ ልማድ ነበረው። ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ምሳ ከበላ በኋላ ትንሽ መዶሻ ይዞ ማሽኑን አንድ ጊዜ ይዞረዋል። የየጎማውን ዳዶ አንድ በአንድ ቀስ አድርጎ ይመታና ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። የላላ ዳዶ ድምፁ ይለያል ይላል። ሌሎቹ ነጂዎች እንዲህ ሲያደርጉ አላየሁም። እኔ ማሽኑን እንደ ፈረስ የሚያባብለው ይመስለኝ ነበር። እሱ ሲዞር እኔም ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ ከኋላው እዞራለሁ፤ አንዳንድ ቀን መዶሻውን ይሰጠኝና “ምን ይላል?” ይለኛል። “ደህና ነኝ ይላል” እለዋለሁ። ከእሱ ጋር ሳወራ አላፍርም ነበር።

ልማዱን ከየት እንዳመጣው በቤታችን ይታወቃል፤ አይነገርም እንጂ። አቡያ ከድር በቀድሞው ጦር ውስጥ ታንክ ነጂ ነበር። የታንክ ሰንሰለት እንደዚያ በመዶሻ እየተመታ ነው የሚፈተሸው። መንግሥት ተለውጦ ጦሩ ሲበተን ከሰሜን ጀምሮ ግማሹን በእግሩ፣ ግማሹን በለመነው መኪና ሮቤ ገባ። ብዙም ሳይቆይ “የቀድሞ ወታደር ሁሉ ይመዝገብ፤ የሦስት ቀን ጉዳይ ነው፣ ብርድ ልብስ ይዛችሁ ኑ” ተባለ። ሦስቱ ቀን አንድ ካምፕ ውስጥ ሰባት ወር ሆነ። ስለዚያ ካምፕ አቡያ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ነበር። አንድ መቶ አለቃ ማዕረጉን ደብቆ ከተራ ወታደሮች ጋር ተቀላቅሎ ነበር፤ የገዛ ጓደኛው ጠቆመበት።

“ያ የጠቆመው ሰውዬ ዛሬም በሕይወት አለ” ይላል አቡያ። “ሰላም የሚለው ግን የለም። እኔም መንገድ ላይ ባገኘው ፊቴን አዞራለሁ።” ይህን ሲል እንትፍ ይላል። እናቴም “ቤት ውስጥ!” ብላ ትቆጣዋለች።

በዚያ ዓመት በሰሜን ድንበር ጦርነት ከተጀመረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ስንዴው ቢጫ ሆኖ ማጨጃ በሚጠብቅበት ሳምንት፣ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና በገበያው መሃል ቀስ እያለች አለፈች። አንዴ በኦሮምኛ አንዴ በአማርኛ ትናገራለች። በቀድሞው ጦር ውስጥ ያገለገሉ፣ በተለይ ታንከኞች፣ የሬዲዮ ሠራተኞችና መካኒኮች፣ በፈቃደኝነት በየቀበሌያቸው እንዲመዘገቡ ትጠራለች። እናቴ ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። መኪናዋ እስክታልፍ አንዱን ሽንኩርት ይዛ ቀረች፤ ከዚያ ሳትገዛ እጄን ይዛ ወደ ቤት ሄደች።

አቡያ ከማሳ ሲመለስ ነገረችው። ለዐስር ሰላት ዉዱእ እያደረገ ነበር፤ እግሩን ታጥቦ እስኪጨርስ መልስ አልሰጣትም።

“በፈቃደኝነት ነው ይላሉ” አለችው ደግማ።

“ያኔም በፈቃደኝነት ነበር። አሁን የጎደለው የብርድ ልብሱ ነገር ብቻ ነው።”

“አሁን እኮ ጦርነት አለ። እውነትም ሰው ቸግሯቸው ይሆናል።”

“ይሆናል። ወይ ደግሞ የት የት እንዳለን መቁጠር ፈልገው ይሆናል። እንዴት አውቃለሁ? ሰው በጥፊ መትቶሽ በዚያው እጁ ልጨብጥሽ ቢል፣ መጀመሪያ እጁን አታዪም?”

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። “አንቺ ምንም አልሰማሽም። ማንም ስለ አቡያ ቢጠይቅሽ ምን ትያለሽ?”

“ሂንቤኩ” አልኩ። አላውቅም ማለት ነው።

“በአማርኛ ቢጠይቁሽስ?”

“ሂንቤኩ።”

አቡያ ሳቀ። “ተያት ፋጡማ። ይቺ ልጅ በየትኛውም ቋንቋ አትናገር።”

እውነት ነበር። እንግዳ ሲመጣ ከበሩ ጀርባ የምገባ፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅሁ እጄን የማላወጣ ልጅ ነበርኩ። ሰዎች ፊቴ ሁሉንም ነገር ያወሩ ነበር፤ ግድግዳ እንደሆንኩ ሁሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ በግቢያችን ጀርባ ባለችው ክፍል የተከራየውን መምህር ጌታሁንን በሌላ ዓይን ታየው ጀመር። ከሸዋ ተመድቦ የመጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የትልልቆቹን ክፍል ስለሚያስተምር እኔን አያስተምረኝም። መስከረም ላይ ሲገባ እናቴ አመስግናው አትጠግብም ነበር። “አልጋውን ሲያነጥፍ አያችሁት? ሴት እንኳ እንዲህ አታነጥፍም! ጫማውን ቢሆን በመስመር ነው የሚደረድረው!” አሁን ግን አልጋውም ጫማውም ሌላ ትርጉም አገኙ።

“ሰው ከትምህርት ቤት ተመልሶ ለምን ሁልጊዜ ይጽፋል?” አለችኝ። “የልጆቹን ደብተር ያርማል እንዳልል፣ አንድ ጥቁር አጀንዳ ላይ ብቻ ነው የሚጽፈው። ሳጥኑንስ ለምን ይቆልፋል? እኛ ሌባ ነን?”

ለሐጂ አማንም ነገረቻቸው። ሐጂ የሙስባሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ አሰቡ። “ከመኪናዋ በፊት መምጣቱ ራሱ” አሉ፣ “ያስጠረጥራል።”

ለመምህሩ ውሃ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ ጀሪካኑን በሩ ላይ አስቀምጬ እሮጣለሁ። አሁን ግን እናቴ ጀሪካኑን ውስጥ ድረስ እንዳስገባ አዘዘችኝ። ምን እንደሚጽፍ እንድመለከት ነው። ሁለት ቀን ዓይኔን ከወለሉ ማንሳት አልቻልኩም። በሦስተኛው ቀን መምህሩ ራሱ አናገረኝ።

“ዘሀራ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አጎትሽ ማሽኑን ለምንድን ነው በመዶሻ የሚመታው?”

“ሂንቤኩ።”

“አላውቅም ማለትሽ ነው?”

“ሂንቤኩ።”

ሳቀ። ወጥቼ በሩን ስዘጋም ብቻውን ይስቅ ነበር። ሰው ብቻውን ሲስቅ ክፉ ነገር እያሰበ ነው ትል ነበር እናቴ፤ ሮጬ ሄጄ ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። መዶሻውን ማየቱ፣ አይቶም መጠየቁ!

በሳምንቱ እሱ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ሳለ አጀንዳውን ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ አገኘሁት። የሰው ስም ነበር፣ ከላይ ወደ ታች፣ በሚያምር ጽሕፈት። አሥር አለቃ እገሌ፣ ሃምሳ አለቃ እገሌ። ከብዙዎቹ ስም ጎን ትንሽ መስቀል ተደርጎበታል። አንድም የማውቀው ስም አልነበረም፤ ግን ገጹ ግማሽ ድረስ ብቻ ነበር የተጻፈው፤ ከታች ባዶ ቦታ አለ። ባዶውን ሳይ የአቡያ ቦታ ነው አልኩ በልቤ።

“መስቀል?” አሉ ሐጂ አማን ስነግራቸው። “አስተግፊሩላህ። እንግዲህ እነዚያ የተያዙት ናቸዋ።”

ከዚያ በኋላ ግቢያችን የሚያወራው በሹክሹክታ ሆነ። እናቴ መምህሩን በፈገግታ “ምሳ በሉ” ትለዋለች፤ እሱም “እግዜር ይስጥልኝ” ይላል፤ ሁለቱም የሌላውን ዓይን ያያሉ። አቡያና እሱ ሲገናኙ ከወትሮው የበለጠ ይከባበራሉ። “እንደምን ዋሉ መምህር?” “ደህና፣ እርስዎስ?” ስለ ስንዴና ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወሩት። አቡያ ማሽኑን በመዶሻ መዞሩን ተወ። በዚያው ሰሞን የአንድ ጎማ ዳዶ ላልቶ ማሽኑ ማሳ መሃል ቆመ፤ ግማሽ ቀን ሥራ ተፈታ።

የቀበሌው ጸሐፊ መዝገቡን በብብቱ ይዞ መዞር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ረጅም ሰው ነው፤ በበጋም የዝናብ ካፖርት ይለብሳል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልጆችን በስማቸው የሚጠራ፣ ሲቀልድ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ ነበር። ግን ከየሰፈሩ ስንት ሰው እንደሚመዘገብ እየተጠየቀ እንደሆነ ከፊቱ ይታወቅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ ሐጂ አማን ደጃፍ ላይ ቆመ። እኔ አጥሩ ሥር ገለባ እሰበስብ ነበር።

“ሐጂ” አለ፣ “ይህ ከድር ኮምባይነር ከመያዙ በፊት ምን ይሠራ ነበር?”

“ከድር? ከድርማ ጎሮ ከብት ይነግድልኝ ነበር! ከልጅነቱ ጀምሮ!”

ጸሐፊው መዝገቡን ገለጠ፤ ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን ነከሰ። “ጥሩ። ባለቤትዎ ደግሞ ትናንት ሃረና ጫካ ቡና ይለቅም ነበር አሉኝ። እህቱ ፋጡማን ብጠይቃት ዲንሾ ገብስ ያርስ ነበር አለች። በዚያው ዓመት! ሐጂ፣ ሰውዬው ክንፍ አለው?”

ሐጂ አማን ሙስባሃቸውን ያዙ። “ወጣት ነው” አሉ፣ “ይንቀሳቀሳል።”

ሦስቱም አቡያን ለማዳን ዋሽተው ነበር፤ አስቀድሞ ቃል የተቀባበለ ግን አልነበረም። እያንዳንዳቸው ምስጢሩን ብቻቸውን የያዙ መስሏቸው ነበር። በማግስቱ እናቴና የሐጂ ሚስት አጥር ለአጥር ተሰዳደቡ። “ሃረናን ማን ጥሪ አለሽ?” “ዲንሾን ማን ጥሪ አለሽ?” አቡያ መሃላቸው ቆሞ “ኧረ እባካችሁ፣ ስሜን ቀንሱ! መንገደኛው ሁሉ እየሰማ ነው!” ይላል።

በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዤ ወደ ማሳ ስሄድ ጸሐፊው መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ጩኮ ነበር የያዝኩት፤ በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት፤ ሽታው ከፎጣው ውስጥ ይወጣል። ርቆ የኮምባይነሩ አቧራ ይታያል። ጸሐፊው እርምጃውን ከእርምጃዬ ጋር አስተካክሎ ሄደ።

“ዘሀራ፣ ትልልቆቹ አደከሙኝ። አንዱ ጎሮ ይላል፣ አንዱ ሃረና። ልጅ ግን አይዋሽም። አይደል?”

ሳህኑን ደረቴ ላይ አስጠግቼ መራመዴን ቀጠልኩ።

“ከናንተ ግቢ አንድ የቀድሞ ወታደር እንዳለ ተነግሮኛል። አንድ ሰው። እኔ አሳሪ አይደለሁም፤ ጻፍ የተባልኩትን ነው የምጽፈው። ያን አንድ ሰው ከጻፍኩ ዳግመኛ አልመጣባችሁም።”

አንድ ሰው። ይህን ስሰማ ሁሉም ነገር ግልጽ የሆነልኝ መሰለኝ። የትምህርት ቤታችን አጥር ሲሠራ፣ የወንዙ መሻገሪያ ድንጋይ ሲነጠፍ፣ “ከየግቢው አንድ ሰው ለልማት ይውጣ” ይባል ነበር። ማንም ይሁን ማን፣ አንድ ሰው ከወጣ ቀበሌው ያንን ግቢ አይጠይቅም። አቡያ ማሳ ላይ ሲሆን እናቴ ትወጣለች፤ እናቴ ስትታመም የሐጂ አማንን ሠራተኛ እንለምናለን። ይህም እንደዚያ ነው አልኩ። ከእኛ ግቢ አንድ ሰው ነው የሚፈለገው። በእኛ ግቢ ደግሞ ሁለት ወንዶች አሉ፤ አንዱ የእናቴ ወንድም ነው፣ አንዱ ተከራይ።

“መምህሩ ነው” አልኩ።

ጸሐፊው ቆመ። “ማን?”

“መምህር ጌታሁን። ወታደር ነበር። የወታደሮች ስም የተጻፈበት አጀንዳ አለው።”

በሕይወቴ ለማላውቀው ሰው ያን ያህል አውርቼ አላውቅም ነበር። ውሸት እየተናገርኩ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ድምፄ ግን አልተንቀጠቀጠም። ጸሐፊው መዝገቡን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ጻፈ፤ ጽፎ ዘጋው። “በቃ” አለ፣ “ያንቺን ግቢ ጨረስኩ።” ጭንቅላቴን ዳበሰኝ። እኔም እየሮጥኩ ሄጄ ጩኮውን ከአቡያ ጋር በላሁ። ቅቤው አገጬ ላይ ሲወርድ አቡያ በእጁ ጠረገልኝ። “ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?” አለኝ። የማልናገረው ደስታ ነበረኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ እናቴ ከጎረቤት እየሮጠች መጣች።

“ከድር! ከድር! ሰማህ? መምህሩ ቀበሌ ተጠርቶ ‘ወታደር ነበርክ?’ ሲሉት ‘አዎ’ አላቸው! የሬዲዮ ሠራተኛ፣ ሃምሳ አለቃ ነበር አሉ!”

እኔ ሳህን አጥብ ነበር። እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ውሸቴ እውነት ሆኖ ነበር። እንዴት እንደሆነ ሊገባኝ አልቻለም፤ ስለተናገርኩት ወታደር የሆነ መሰለኝ። ቃል ከአፍ ከወጣ ሰውን እንደዚያ የሚያደርግ ከሆነ፣ ዝም ማለቴ ልክ ነበር አልኩ።

“ፈቃደኛ ነህ ወይ አሉት?” አለ አቡያ።

“ጠይቀውታል አሉ።”

“እንዲህ ተብሎ ተጠይቆ ማን አይደለሁም ይላል!” አቡያ እንደ መደሰት አላለም። የተቀመጠበት በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ መሬቱን አየ። “ሬዲዮ ሠራተኛ” አለ ለራሱ። “አልጋውን እንደዚያ ሲያነጥፍ እያየሁ!”

መምህሩ ሊሄድ የወጣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ጎባ ላይ ነበር የሚሰበሰቡት። ሳጥኑንና የተጠቀለለ ፍራሹን ግቢው መሃል አስቀመጠ። እናቴ እፍረትም ፍርሃትም ይዟት ስንቅ ቋጥራለታለች። አቡያ ከማሳ መጥቶ ገለባው ፀጉሩ ላይ እንዳለ ቆመ። ሁለቱ ተያዩ። ከዚያ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አቡያን “አንተ” አለው።

“አንተ ታንከኛ እንደነበርክ አጨዳው በተጀመረ ሰሞን ነው ያወቅሁት። ማሽኑን በመዶሻ ስትዞር ከመንገድ አይቼህ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት፤ ያን ልማድ ካየሁ ስንት ዓመቴ! ለማንም ግን አልተናገርኩም። ለእናቴ ልጅ እንኳ አልጻፍኩም።”

“እኔም አልተናገርኩም” አለ አቡያ።

“እኔ ወታደር መሆኔን እዚህ አገር ያወቀ የለም። ካምፕም አልገባሁም፤ የተመዘገብኩበት ወረቀት የለም። ጸሐፊው ግን ስለ አጀንዳዬ ጠየቀኝ። አጀንዳዬን ያየ ከዚህ ግቢ ውጭ ማን አለ?”

እናቴ “የስም ዝርዝሩስ?” አለች ሳታስበው።

መምህሩ ዞሮ አያት። “በሻምበላችን አብረውኝ የነበሩ ልጆች ናቸው። መስቀሉ የሞቱት ናቸው። አንዳንዴ አንድ ስም ትዝ ሲለኝ እጽፋለሁ፤ እንዳልረሳቸው።”

ሊወስደው የመጣው ጋሪ ፈረስ በሩ ላይ ኮቴውን ይመታል።

“ወላሂ” አለ አቡያ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር። “በአላህ ስም፣ እኔ አይደለሁም።”

“ታዲያ ማን ነው?”

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። መምህሩ ወደ እናቴ፣ ከዚያ ወደ ሐጂ አማን አጥር፣ ከዚያ እንደገና ወደ አቡያ አየ። ወደ እኔ አላየም፤ ማንም አያይም ነበር። አቡያ ሳጥኑን ሊያነሳለት ጎንበስ አለ።

“ግዴለም” አለ መምህሩ ቀድሞት እያነሳው። “እኔው እችለዋለሁ።”

አቡያ እጁ ባዶ ሆኖ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ቀና እስኪል ጋሪው ከበሩ ወጥቶ ነበር።

የሐጂ አማን የመጨረሻ ማሳ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። አቡያ ሦስቱንም ቀን ሠራ። ምሳ ስወስድለት ይቀበለኛል፤ ግን አይበላም፤ ስንዴውን በማዳበሪያ ለሚሞሉት ልጆች ይሰጣል። ቃርሚያ ለቃሚዎቹ ሲጠሩት አይመልስላቸውም። ማሳው አልቆ ማሽኑ በቆመበት ማታ ቤታችን ውስጥ ቁልፉን ለሐጂ አማን ሰጣቸውና “ነገ ጎባ ሄጄ እመዘገባለሁ” አላቸው።

የሐጂ አማን ሙስባሃ ከእጃቸው ወደቀ። “አበድክ? እኔ በዚህ ሽበቴ የዋሸሁልህ ለዚህ ነው? ግቢያችሁ ተጨርሷል፣ ስምህ የለም!”

“እሱን አውቃለሁ ሐጂ።”

“ታዲያ ምን ሆነህ ነው?”

“ሰውዬው እኔ የጠቆምኩበት መስሎት ሄዷል። አዩት፣ ሳጥኑን እንኳ አላስነካኝም። እሱ ነገ ከሌሎቹ ጋር ይቀመጣል፤ ‘ሮቤ ላይ ከድር የሚባል ታንከኛ ሸጠኝ’ ይላል። እኔም ያ ካምፕ ውስጥ የነበረው ሰውዬ እሆናለሁ። እንደዚያ ሆኜ እዚህ ስንዴ ላጭድ?”

እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች። ለመነችው፤ በእናታቸው አፅም፣ በእኔም ስም ለመነችው። “ጥሪው ወጥመድ ነው ያልከው አንተ አይደለህም?”

“ዛሬም ወጥመድ ይመስለኛል” አለ እያነሳት። “ግን እሱ ውስጡ ነው።”

ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። እሱን ለማስቀረት ለቅሶም ልመናም እንደማያስፈልግ ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። “እኔ ነኝ” ማለት ብቻ ነበር የሚበቃው። ሁለት ቃል። የጠቆመው ማን እንደሆነ ካወቀ፣ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም፤ ደብዳቤ ጽፎ ይልካል፣ ሐጂ አማንን ሽማግሌ አድርጎ ይልካል። ይህን እንኳ አስቤ ነበር። ግን ወዲያው እናቴ የምታየኝ ዓይን፣ ሐጂ አማን የሚሉት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አቡያ ያን ሰውዬ ሲያነሳ እንትፍ የሚለው ትዝ አለኝ። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ፊቱን ሲያዞርብኝ ታየኝ። እሳቱን መቆስቆስ ያዝኩ።

ጠዋት አንድ ቦርሳ ብቻ ይዞ ጋሪ ላይ ወጣ። እናቴ ቤት ውስጥ ታለቅሳለች። እኔ ደጃፍ ቆሜ ጋሪው እስከ መስጊዱ ድረስ ሲሄድ አየሁ። ከዚያ እግሬ በራሱ ሮጠ። ገለባ የጫኑ አህዮችን አልፌ፣ አቧራው ውስጥ “አቡያ! አቡያ!” እያልኩ ሮጥኩ። ያን ያህል ጮኬ ስጣራ የሰማኝ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባለጋሪው ልጓሙን ሳበ። አቡያ ከጋሪው ላይ ሆኖ ወደ እኔ ጎንበስ አለ። እየሳቀ ነበር።

“ምነው ዘሀራ? ምን ረሳሁ?”

የጋሪውን እንጨት በሁለት እጄ ያዝኩ። የሮጥኩት “እኔ ነኝ” ልለው ነበር። ፊቱን አየሁት፤ የሚወደኝ ፊት ነበር።

“መቼ ነው የምትመለሰው?” አልኩት።

“ሰውዬውን እንዳገኘሁት” አለኝ። ጣቶቼን አንድ በአንድ ከእንጨቱ ላይ ቀስ አድርጎ አላቀቀ። ከዚያ ወደ ባለጋሪው ዞሮ “በል ንዳ፤ ልጅቷ ፀሐይ ላይ ቆማለች” አለው።